የአርሜንያን ገዳማት በመኪና ስትዞሩ

መነሻችሁ የሬቫን ናት። ሦስት ቀን ያዙ። ከቻላችሁ መኪናውን ከነሾፌሩ ተከራዩ፤ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ በዚያ ላይ አሬኒ ላይ ወይን ሳይቀምሱ ማለፍ ይከብዳል።

መጀመሪያ ኾር ቪራፕ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ድረሱ፣ የአራራት ተራራ ጥርት ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። የእኛም ስንክሳር የሚያስበው የአርማንያው ጎርጎርዮስ 13 ዓመት ያህል ታስሮበታል የሚባለው ጉድጓድ እዚህ አለ። መውረጃው ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ስለሆነ ረጅም ቀሚስ ያስቸግራል፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ ላይ ሆኖ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ከዚያ በቀይ ገደሎች መሃል ወዳለው ኖራቫንክ ንዱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1339 ያለቀችው ባለ ሁለት ፎቅ ቤተ ክርስቲያን ደረጃዋ በፊት ለፊት ግድግዳዋ ላይ ነው፤ ጠባብ ነው፣ መያዣም የለውም። መውጣቱስ ይሁን፣ ጉዱ መውረዱ ላይ ነው!

ጎሪስ አድራችሁ በማግስቱ ታቴቭ። ከሃሊድዞር የሚነሳው የኬብል መኪና 5.7 ኪሎ ሜትር ሸለቆውን አቋርጦ ገዳሙ ደጃፍ ያደርሳችኋል። ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ፤ ነፋስ ከበረታ ሊቆም ስለሚችል ሰዓት አታጣብቡ።

በሦስተኛው ቀን ጌጋርድ፣ ከየሬቫን በስተምሥራቅ። ከፊሉ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፣ ላሊበላ ትዝ ይላችኋል። ሴቶች ነጠላ ያዙ። ጫማ ግን አይወልቅም፤ እኔ በልማድ አውልቄ ብቻዬን በካልሲ ቆሜያለሁ።