ተራኪው የት ቆሞ ነው?

ስለ አንድ የፊልም ትዕይንት ልትጽፉ ስትቀመጡ በታሪኩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ተራኪው የት እንደቆመ ፈልጉ። እኔ ይህ የገባኝ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ትዕይንቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣው «ዘ ሾሸንክ ሪደምፕሽን» ነው። አንዲ የሚባለው እስረኛ ዋርድያው ላይ ሽንት ቤቱን ቆልፎበት፣ የቢሮውንም በር ቀርቅሮ፣ የሞዛርትን ሸክላ በድምፅ ማጉያ ለግቢው ሁሉ ይለቀዋል። የሚተርክልን ግን ጓደኛው ሬድ ነው፤ ተዋናዩ ሞርጋን ፍሪማን። እሱ ደግሞ ታች ግቢው ውስጥ ከእስረኞቹ መሀል ቆሟል።

ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ካሜራው ያየውንና ሬድ ሊያይ የሚችለውን ለያይታችሁ ጻፉ። የሽንት ቤቱ በር ሲቆለፍ ሬድ የለም። አንዲ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ፈገግ ሲል የለም። አዛዡ «አጥፋ» ሲለው ጭራሽ ድምፁን ሲጨምርም የለም። ለሬድ የሚቀሩት ድምፅ ማጉያውና አንጋጠው ባሉበት የቀሩ ሰዎች ናቸው። ዝርዝሩ አጠረ ብላችሁ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍናችሁ ስሙት። የሬድ ድምፅ ወዲያው አይገባም፤ ዘፈኑ አስቀድሞ ግቢውን ይሞላዋል። ከዚያ ሬድ ሁለቱ ሴቶች ስለ ምን እንደሚዘፍኑ እንደማያውቅ፣ ማወቅም እንደማይፈልግ ይነግረናል። እዚህ ላይ ቆዩ። እኔ ያበላሸሁት እዚህ ነው፤ ያላወቀውን ላሳውቅለት ተጣደፍኩ። ዘፈኑ በ1786 መድረክ ላይ ከወጣው «የፊጋሮ ጋብቻ» ኦፔራ ነው፤ እመቤቲቱ ሴት አሳዳጅ ባሏን ለማጥመድ አገልጋይዋን ደብዳቤ እያስጻፈቻት ነው። ይህን ሁሉ አብራርቼ ስጨርስ ግቢውም ሬድም ከገጹ ጠፍተው የኦፔራ ትምህርት ብቻ ቀረ። (እውነቱን ለመናገር፣ ማንበቤን ላሳይም አምሮኝ ነበር።)

እንዲህ ያለ እውቀት ካላችሁ ለብቻው ወረቀት ላይ አስፍሩት። የግድ ካስፈለገ በራሳችሁ ድምፅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ በተራኪው አፍ ግን አይሁን።

ሌላው፣ ቅጣቱ ማን ላይ እንዳረፈ አስተውሉ። ለዚያ ዘፈን አንዲ ሁለት ሳምንት ጨለማ ቤት ይገባል፤ ሬድ ሰምቶ ብቻ ያልፋል። ይህን ልዩነት ሳይዝ ሬድን «ተመልካች» ብሎ መጥራት ባዶ ስም መስጠት ነው።

ረቂቁን ስትጨርሱ «አንዲ» ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ጣታችሁን አሳርፉና ያን ጊዜ ሬድ የት እንደነበር ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ።