የላምን ግት ከበሽታ እንዴት እንደሚጠብቁ

ላም ማለብ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃና አንዲት ጨርቅ ይዤ ላሞቹን በየተራ እጠርግ ነበር። የመጀመሪያዋ ላም ግት የተጠረገበት ጨርቅ እስከ መጨረሻዋ ይደርሳል። ንጹሕ ሥራ የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ላሞች ተከታትለው ግታቸው አበጠ። የእንስሳት ሐኪሙ በረት ገብቶ መጀመሪያ ያነሣው ያንን ጨርቅ ነበር።

የጡት በሽታ፣ ሐኪሞቹ ማስታይተስ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ በጡት ጫፍ ቀዳዳ ገብቶ የሚያመጣው ብግነት ነው። እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ያሉት በታመመ ጡት ውስጥ ይኖሩና በአላቢ እጅ፣ በጨርቅና በማለቢያ ማሽን ጎማ ወደ ጤነኛዋ ላም ይሻገራሉ። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ደግሞ ከእበትና ከረጠበ ጉዝጓዝ ይነሣሉ። እንግዲህ ጥንቃቄው በሁለት ቦታ ነው፤ በእጃችንና በመኝታዋ። መኝታው ደረቅ ይሁን፣ እበቱም ቶሎ ቶሎ ይጠረግ። እጁን ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

1. ተራ ይያዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱትን ወጣት ላሞች አስቀድመው ይለቡ፤ ቀጥሎ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ የታመመችውን ወይም የተጠረጠረችውን። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የተሰነጣጠቀ እጅ ቢታጠብም ባክቴሪያ ስለሚደብቅ ጓንት ይመረጣል።

2. የመጀመሪያውን ወተት ይዩ

ከእያንዳንዱ ጡት 3 ወይም 4 ጊዜ ጨምቀው ውስጡ ጥቁር በሆነ ኩባያ ላይ ይለቡ። በነጭ ዕቃ ላይ የማይታየው የአይብ ፍርፋሪ የመሰለ ቅንጣት በጥቁሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃ የመሰለ፣ ቢጫ ያዘለ ወይም ደም የቀላቀለ ወተት ካዩ ያቺ ላም ወደ ተራው መጨረሻ ትሂድ። መሬት ላይ ወይም መዳፍዎ ላይ አይለቡ፤ በሽታውን ራስዎ መዝራትዎ ነው።

3. ያጽዱ፣ ከሁሉም በላይ ያድርቁ

ግቱን በሙሉ በውሃ ማጠብ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ ቆሻሻውን ሰብስቦ ጡት ጫፍ ላይ ያንጠባጥበዋል። ጭቃ ከሌለ ጡቶቹን ብቻ ለዚሁ በተዘጋጀ መድኃኒት ነክረው 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያ ለእያንዳንዷ ላም ለየብቻ በተዘጋጀ ጨርቅ ወይም ወረቀት ያድርቁ። ጫፉን ጠምዘዝ አድርገው ይጥረጉት። ሥራዎን ለመፈተን በንጹሕ ነጭ ጥጥ ቀዳዳውን ዳበስ ያድርጉ፤ ጥጡ ከቆሸሸ ይድገሙት። ላሟ ከተነካች በኋላ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወተቷን ስለምታወርድ ከዚህ ብዙ አይዘግዩ።

4. ሲያልቡ

ጡቱን በሙሉ መዳፍ ይጭመቁ እንጂ በሁለት ጣት ይዘው አይጎትቱ፤ ጉተታው የውስጡን ሥጋ ያቆስላል። እጅን በወተት ማርጠብም ይቅር። በማሽን የሚያልቡ ከሆነ ደግሞ ከመንቀልዎ በፊት መሳቡን ይዝጉ።

5. ካለቡ በኋላ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ልክ እንዳለቡ እያንዳንዱን ጡት አዮዲን ባለበት የጡት መንከሪያ ውስጥ ይንከሩ። ጫፉን ብቻ ማስነካት አይበቃም፤ አብዛኛው የጡቱ አካል ይነከር። በዕቃው ውስጥ የተረፈውን ይድፉ እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ። የጡቱ ቀዳዳ ከታለበ በኋላ ወዲያው አይዘጋም፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ላሟ እበት ላይ ብትተኛ በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ አዲስ መኖ ከፊቷ ያቅርቡላት፣ ቆማ ትብላ።

6. የማይታየውን ይፈልጉ

ወተቷ ነጭ፣ ግቷም ለስላሳ ሆኖ ታማ የምትቆይ ላም አለች። የምትሰጠው ወተት ይቀንሳል፤ በሽታውንም ለሌሎቹ ታካፍላለች። ይህን የሚያጋልጠው የካሊፎርኒያ ማስታይተስ ምርመራ የሚባለው ነው። ባለ አራት ጉድጓድ ሳህን ላይ ከየጡቱ ትንሽ ወተት ያልባሉ፣ እኩል መጠን ያለው የምርመራ ፈሳሽ ይጨምሩና 10 ሰከንድ ያህል ያሽከረክሩታል። ጤነኛው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ የታመመው ይወፍራል፣ ሲብስ እንደ እንቁላል ነጭ ይያያዛል። ፈሳሹ በሽታን ለመዋጋት የመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስና የውስጣቸው ዲኤንኤ ስለሚዝለገለግ ነው። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንገሩ ራሱ ስለሚወፍር ውጤቱ ያሳስታል።

7. ከታመመች

ግቱ ከጋለ፣ ከጠጠረ፣ ሲነኩት ካመማት ሐኪም ይጥሩ፤ ሙቀቷንም ይለኩ። ከ39.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ መብላት ካቆመች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ወይም መነሣት ካቃታት ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ጡቱ ቀዝቅዞ ከጠቆረም እንዲሁ ነው።

ሐኪሙ ወደ ጡት የሚገባ መድኃኒት ካዘዘ በመጀመሪያ ወተቱን አልበው ይጨርሱ። ጫፉን አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙ። ሲያጸዱ ከራቀው ጡት ይጀምሩ፣ ሲያስገቡ ግን ከቀረበው፤ የጸዳውን በክንድዎ እንዳያቆሽሹ። የመድኃኒቱን ቱቦ ጫፍ በጥቂቱ ብቻ ያስገቡ። ወተቱ ጠራ ብለው የታዘዘውን ቀን አያቋርጡ። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የእገዳ ጊዜ እስኪያልፍ ወተቱ አይሸጥም፣ አይጠጣም፣ ለጥጃም አይሰጥም።

ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ሥር ሰዶ በተደጋጋሚ ከታከመች በኋላም የሚያገረሽባት ላም አለች። ያሳዝናል፤ ግን ከመንጋው መለየት ሌሎቹን ያተርፋል።

8. ስትነጥፍ

ከመውለጃዋ 60 ቀን ያህል ሲቀራት ማለብ ይቁም። አስቀድመው የሚያጠናክር መኖዋን ይቀንሱ፤ ካቆሙ በኋላ ግን «ትንሽ ላቃልላት» ብለው አይመለሱ። የጡቱ ቀዳዳ በራሱ የሚሠራው ውታፍ አለ፣ ያንን ያፈርሱታል። የነጠፈች ላም መድኃኒትም ሆነ የጡት ቀዳዳ ማሸጊያ ያስፈልጋት እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ። አዲስ በሽታ የሚገባው በተለይ በነጠፈች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትና ልትወልድ ስትቃረብ ነው፤ በየቀኑ ከኋላዋ ሄደው አራቱ ጡቶች እኩል መሆናቸውን ይዩ። ስትወልድም ጥጃዋ እንገሩን ከመጥባቷ በፊት ጥቁሩ ኩባያ ይቅደም።