የዳማ ወለል በፐርስፔክቲቭ እንዴት ይሳላል?

ፐርስፔክቲቭ ማለት ርቀትን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ አይን እንደሚያየው አድርጎ የማሳየት ዘዴ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ባለ አራት ማዕዘን ንጣፍ ወለል ለመሳል የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ወደ ሩቅ የሚሄዱት መስመሮች ብዙም አያስቸግሩም። ጣጣው ያለው አግድሞቹ ላይ ነው። እየራቁ ሲሄዱ መጠጋጋት አለባቸው፤ ግን ምን ያህል? በአይን ግምት ከሰራነው ወለሉ ዳገት ይሆንብናል። ጂኦሜትሪ ግን ቁርጡን ይነግረናል፤ ያውም ያለ ምንም ስሌት።

2 ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ከ40 ሴ.ሜ ያላነሰ ማስመሪያ አዘጋጁ። ረጅም ማስመሪያ ከሌለ ቀጥ ያለ የካርቶን ጠርዝ ይበቃል።

1. ወረቀቱን አጋድሙትና ከታች በኩል 24 ሴ.ሜ መስመር አስምሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በየ3 ሴ.ሜ ምልክት አድርጉ። 9 ነጥቦች ይኖሯችኋል።

2. ከዚህ መስመር 10 ሴ.ሜ ከፍ ብላችሁ ሌላ ትይዩ መስመር አስምሩ። ይህ የአድማስ መስመር ነው፤ የተመልካቹን የአይን ከፍታ ያሳያል።

3. አድማሱ ላይ፣ ከታችኛው መስመር መሃል ትክክል፣ አንድ ነጥብ አድርጉ። መጥፊያ ነጥብ ይባላል። 9ኙን ምልክቶች ከዚህ ነጥብ ጋር አገናኙ።

4. ሁለተኛውን ወረቀት በቀኝ በኩል በስኮች አያይዙና አድማሱን ቀጥሉት። ከመጥፊያው ነጥብ 24 ሴ.ሜ ርቃችሁ ሌላ ነጥብ አስቀምጡ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ተመልካቹ አይኑን ከወረቀቱ የሚያርቅበት ርቀት ነው። የስዕሉ ምስጢር ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

5. ከታች ከግራው ጫፍ ተነስታችሁ ወደዚህ ነጥብ ሰያፍ መስመር ሳቡ። ሰያፉ የቀሩትን 8 መስመሮች በየተራ ይቆርጣል። በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ አግድም መስመር አስምሩ። የሚሰራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ እኩል ካሬዎች ሲደረደሩ አንድ ሰያፍ ማዕዘናቸውን ሳይስት ያልፋል። በስዕሉም ላይ ያው መሆን አለበት።

6. አሁን ለኩ። የመጀመሪያው ረድፍ 1.1 ሴ.ሜ ገደማ፣ ሁለተኛው 0.9፣ ሦስተኛው 0.7 ይሆናል። 8ኛው አግድም ከታች ልክ 5 ሴ.ሜ፣ ማለትም የአድማሱ ግማሽ ላይ ያርፋል፤ የወለሉ ጥልቀትም የተመልካቹም ርቀት 24 ስለሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛባ የእርሳስ ውፍረት ነው። ከዚያ ካለፈ 4ኛውን ደረጃ እንደገና እዩት።

ጣሊያናዊው አርክቴክትና ጸሐፊ ሊዮን ባቲስታ አልበርቲ እ.ኤ.አ. በ1435 ስለ ስዕል ሲጽፍ፣ እያንዳንዱን ረድፍ የቀደመውን ሁለት ሦስተኛ የሚያደርጉ ሰዓሊዎችን ተሳስታችኋል ብሏቸዋል። እውነቱን ነው። በእኛ ስዕል ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያው 0.8 እጥፍ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛው 0.82 ያህል። ጥምርታው ራሱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር እያባዙ መሄድ አያዋጣም። አልበርቲ ያሳየው መንገድ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

7. ካሬዎቹን እንደ ዳማ እየዘለላችሁ አጥቁሩ። የረዳት መስመሮቹን አጥፉ።

ከዚያ አንድ አይናችሁን ጨፍኑና ሌላኛውን ከመጥፊያው ነጥብ ፊት ለፊት 24 ሴ.ሜ ላይ አድርጉት። ቅርብ ነው፣ አዎ፤ ወለሉ ግን በደንብ የሚከፈተው ከዚያ ነው። ነጥቡን ወደ 12 ሴ.ሜ ብታቀርቡት ከሩቅ ለሚያይ ሰው የፊተኞቹ ካሬዎች የተለጠጡ ይመስላሉ። ከ2 ሜትር የሚታይ የግድግዳ ስዕል ከሆነ ደግሞ ነጥቡም 2 ሜትር ይርቃል፤ ያኔ ማስመሪያውን ትታችሁ ምስማርና ሲባጎ ያዙ።