አዲስ ርዕሰ መምህር በመጀመሪያ ዓመቱ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም ላይ አዲስ የተመደቡ ርዕሰ መምህራን ሲደውሉልኝ የሚያነሱት ጉዳይ ይመሳሰላል። ወንበር አነሰ። ውሃ ተቋረጠ። የሒሳብ መምህሬ ተዛወረብኝ። ሪፖርት እስከ ዓርብ አስገባ ተባልኩ። ሁሉም እውነተኛ ችግር ነው። ግን «የ2ኛ ክፍል ልጆቼ ማንበብ አልቻሉም፣ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚደውል እምብዛም አይገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ በመምህርነት፣ በርዕሰ መምህርነትና በሱፐርቫይዘርነት ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። አሁን አዳዲሶቹን አማክራለሁ። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የርዕሰ መምህር ዋና ሥራ ልጆች አንብበው እንዲረዱ ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ አጋዥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሰውን ከዚህ ሥራ የሚያርቁ ናቸው።

ቢሮ ተቀምጦ መዋል

ደብዳቤ አያልቅም። ስብሰባም አያልቅም። ቢሮ የገባ ርዕሰ መምህር እስኪደወል ድረስ ሳይወጣ ሊውል ይችላል፤ ማንም ደግሞ ለምን አልወጣህም ብሎ አይጠይቀውም።

ድሬ ላይ ጠዋት ትልቅ ሀብት ነው። ከሰልፍ በኋላ ያሉት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አየሩ ገና ያልጋለባቸው ናቸው። ልጁም መምህሩም ነቅተዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማን በደንብ ያዳምጣል? ስለዚህ እነዚህን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ለፊርማና ለእንግዳ አይስጡ። ፊርማው ከዕረፍት በኋላ ይደርሳል። ለምክትልዎና ለጸሐፊዋ ቀድመው ይንገሩ፤ በር ላይም ይለጥፉት። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጠዋት 1ኛና 2ኛ ክፍል ገብተው ይቀመጡ። ኋላ ወንበር ላይ ብቻ አይደለም፤ ከልጆቹ አጠገብ።

በኅብረት መጮህን ንባብ ነው ብሎ መቀበል

ከሁሉም በላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ይኼ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በአማርኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ደስ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ስልሳ ልጅ በአንድ ላይ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላል። ከዚያ ገጹን ከላይ እስከ ታች አብሮ ያነበንባል። ጎብኚ ቢመጣ ያጨበጭባል። ግን እዚያ ውስጥ ስንቱ ልጅ ፊደሉን እያየ ነው? ስንቱስ የጎረቤቱን ድምፅ ተከትሎ ነው የሚለው? ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

የፊደል ገበታው 33 ረድፍ አለው፤ ሰባቱን ድምፆች ይዞ 231 ቅርጽ ይሆናል። ልጆች ገበታውን በዜማ ስለሚይዙት ከሀ እስከ ፐ ሳያዩ ይወጡታል። ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። ልጁን ብቻውን ይጥሩት። ከመሃል «ሹ»ን ያሳዩት። ከዚያ «ጌ»ን፣ ከዚያ «ቸ»ን። ከሀ ጀምሮ በሆዱ እየቆጠረ የሚደርስበት ከሆነ ፊደሉን ገና አያውቀውም። ዜማውን ነው የሚያውቀው። በመስመር ብቻ የሚለያዩትንም ይሞክሩ፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ቀጥሎ አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ይስጡት። የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ አይሆንም፤ በቃሉ ይዞታል። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ራስዎ በእጅዎ ጽፈው መውሰድ ይችላሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ። ከዚያ ስለ ታሪኩ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት። «መ… ስ… ኮ… ት» እያለ ፊደል በፊደል የሚሄድ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ያ ልጅ ሰነፍ ወይም ደካማ አይደለም። ፊደል መለየቱ ገና ጉልበቱን ሁሉ እየወሰደበት ስለሆነ ለትርጉሙ የሚተርፍ የለውም። መድኃኒቱ ተጨማሪ ልምምድ ነው። በየቀኑ፣ በአጫጭር ጽሑፍ፣ ከጓደኛው ጋር ተራ በተራ።

የአማርኛ አጻጻፍ የራሱ ፈተናም አለው። ሳድስ ፊደል፣ ማለትም ስድስተኛው ቅርጽ፣ አንዳንዴ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ አይኖረውም። የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» የሚሉትን ልጁ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ነጠላ ቃል ብቻ የሚያስጠና መምህር ልጁን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። ርዕሰ መምህር ይህንን ካወቀ ከ1ኛ ክፍል መምህሯ ጋር የሚያወራው ነገር ያገኛል።

ይህ ጭንቀት የእኔ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ሐረሪን ጨምሮ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚመጡ ነበሩ።

የልጁን የቤት ቋንቋ ሳያውቁ «ደካማ ነው» ማለት

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰፈር ላይ ሦስት ቋንቋ በአንድ ሱቅ ይሰማል። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ሐረር ላይ ደግሞ ሐረሪ ይጨመራል። ይኼ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ቤተሰብ ልጁን የሚያስመዘግበው ሁልጊዜ በቤት ቋንቋው አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ፣ ታላቁ እዚያ ስለሚማር፣ ወይም ነገ ሥራ ያገኝበታል ብሎ ሌላ ቋንቋ ይመርጣል።

ታዲያ ድሬ ላይ ለገሃሬ ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ቤቱ ሶማሊኛ የሚናገር ልጅ አማርኛ ክፍል ገብቶ ዝም ይላል። መምህሯ «ይኼ ልጅ አይገባውም» ትላለች። ልጁ እኮ ውጭ ሲጫወት አፉ አያርፍም! ያቃተው የማያውቀውን ቋንቋ በማያውቀው ፊደል በአንድ ጊዜ መማር ነው።

ሦስት ነገር ያድርጉ። ምዝገባ ላይ «ቤት ውስጥ ምን ትናገራላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ይመዝግቡ። ቋንቋውን የምትችል መምህርት ካለች ያንን ክፍል ለእሷ ይመድቡ። ወላጅን ደግሞ «ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ አውሩት» ብለው አይምከሩ። እናት በደንብ በምታውቀው ቋንቋ ተረት ብትነግረው፣ ብታዋራው፣ ልጁ ቃልና ሐሳብ ያጠራቅማል። ያ የትኛውንም ንባብ ያግዘዋል።

በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጀምሮ ወደ አማርኛ የመጣ ልጅም የተለየ ትኩረት ይሻል። ቁቤ ላይ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ አናባቢውም ራሱን ችሎ ይቆማል። የአማርኛ ፊደል ላይ ሁለቱም የሉም። ልጁ ግራ ቢጋባ አይፍረዱበት። ልዩነቱን በቃል ያስረዱት፤ ቶሎ ይይዘዋል።

ምርጡን መምህር ሁሉ ላይኛው ክፍል መመደብ

የድልድል ጊዜ ሲመጣ ልምድ ያለው መምህር 8ኛ ክፍል ይሰጠዋል። ፈተና አለ፤ ውጤቱም በየስብሰባው ይነበባል። 1ኛ ክፍል አዲስ ለተቀጠረው፣ ወይም «ለደከመው» ይተርፋል። አቦ፣ ይኼ ልማድ ሊበቃ ይገባል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ሁሉም ስለ ሁለተኛ ደረጃ አወራ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ 1ኛ ክፍል ነው። ጥያቄውን በቅጡ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ ፊዚክስን እንዴት ይመልሳል? በዚያ ላይ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ ያልፍ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ልጁ እየተደገፈ በተከታታይ ምዘና እንዲያልፍ ነው። ድጋፉ በቀረበት ቦታ ግን የማያነብ ልጅ ዝም ብሎ 4ኛ ክፍል ደረሰ። 4ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ማንበብ የሚያስተምረው የለም፤ ሁሉም አንብቦ እንደመጣ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው።

ድልድል በጀት አይጠይቅም። በእርስዎ እጅ ነው። ትዕግሥት ያላትን፣ ልጅ የምትወደውን፣ ጎበዟን መምህርት 1ኛ ክፍል ያድርጉ። ቅር ቢላት ለምን እንደመረጧት በመምህራን ፊት ይናገሩ። ክብር እንደሆነ ሌላውም ይወቅ።

ክፍል ጉብኝትን ቁጥጥር ማድረግ

አንዲት አዲስ ርዕሰ መምህርት «ጋሼ፣ እኔ ስገባ መምህራኖቼ ይደነግጣሉ» ብላኝ ነበር። ቼክሊስት ይዛ ትገባለች። «የትምህርት ዕቅድ አለ፣ የለም» ትሞላለች። ወጥታ ፋይል ታደርጋለች። መምህሩ ምን እንዳየች አያውቅም። ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ነጥቡን ያየዋል። ማን አይደነግጥም?

እኔ ያልኳት ይኼን ነው። ቼክሊስቱን ለሌላ ቀን ተዪው። ገብተሽ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፣ ለምሳሌ ስንት ልጅ ብቻውን የማንበብ ዕድል እንዳገኘ። በዚያው ቀን ከመምህሩ ጋር ሻይ እየጠጣችሁ አውሩ። መጀመሪያ እሱ ይናገር። አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። በሳምንቱ ተመልሰሽ ያንኑ እዪ። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ መውጣትም ያው ከንቱ ነው፤ መምህሩ ምኑ ጥሩ እንደሆነ አያውቅምና።

ኢንስፔክሽን ሲመጣ ብቻ መንቃት

ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ 4 ይሰጣቸዋል። ለዚያ ሲባል ሌሊት ፋይል ማሰናዳት፣ ግድግዳ ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ፋይል ይኑር፤ እኔ አልቃወምም። ግን ዓመቱን ሙሉ የያዙት የንባብ መዝገብ ካለዎት ለመምህራንም ለኢንስፔክተርም የሚያሳዩት እውነተኛ ነገር ይኖርዎታል።

መጽሐፍ መቆለፍ

የታሪክ መጻሕፍት በእርዳታ ይመጣሉ። ይመዘገባሉ። «እንዳይቀደዱ» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ሲከፈት አቧራ ለብሰው፣ ምስጥ ጀምሯቸው ይገኛሉ። ልጅ እጅ ላይ የተቀደደ መጽሐፍ ተነብቧል። በየክፍሉ ገመድ ዘርግተው ይስቀሏቸው። ቤት ይዘው ይሂዱ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ልጃቸው ሲያነብላቸው ተቀምጠው መስማት ይችላሉ። ይህንን በወላጅ ስብሰባ ላይ ይንገሯቸው። ስብሰባውን ግን ቀትር ላይ አይጥሩ። በዚያ ሙቀት ማን ይመጣል? ገበያ የሚውሉ እናቶች የሚመቻቸውን ሰዓት እነሱኑ ይጠይቋቸው። ወላጅ የሚጠራው ለመዋጮና ለቅጣት ብቻ ከሆነም ሁለተኛ አይመጣም።

አማካሪውን መደበቅ፤ አማካሪውም መልስ ማደል

ይኼ ለሁለት ወገን ነው። አዲሱ ርዕሰ መምህር ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ችግሩን ይደብቃል። ምክንያቱም ያው ሰው ነገ ይገመግመዋል። ስለዚህ ከጉድኝት ማዕከልዎ፣ አብረው ከተደራጁት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ውጭ ነጥብ የማይሞላልዎትን አንድ ነባር ርዕሰ መምህር ይፈልጉ። ጡረታ የወጡ ብዙ አሉ፤ ቢጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማ መማርም ጥሩ ነው። ሆኖም ኮርሱ የእርስዎን 2ኛ ክፍል አያውቀውም።

ለእኛ ለአማካሪዎች ደግሞ፦ ቢሮ ተቀምጠን «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» እያልን አናውራ። አብረን ክፍል እንግባ። አንዱ ልጅ ሲያነብ ሁለታችንም እንስማ። ከዚያ «ምን ሰማህ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ቸኩለን ብንሰጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ደውሎ ሌላ መልስ ይጠብቃል። ራሱ ሲያየው ግን ያየውን ይዞ ይቀጥላል።

ርክክብ ላይ ልጆቹን መርሳት

ርዕሰ መምህር ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል። ወንበር ይቆጠራል፣ ማኅተም ይሰጣል፣ ቁልፍ ይፈረምበታል። ልጆቹ የት እንደደረሱ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። አዲሱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል፤ ልጆቹ አንድ ዓመት ያጣሉ። ከአሁኑ አንድ ደብተር ይክፈቱ። የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ስም ይጻፉ። በየመንፈቁ ከጎኑ ሦስት ነገር ይሙሉ፦ ፊደል ይለያል ወይ፣ ያላየውን ጽሑፍ ያነባል ወይ፣ ያነበበውን ይረዳል ወይ። የቤት ቋንቋውንም ያስፍሩ። ሲዛወሩ ደብተሩን ከቁልፉ ጋር አብረው ያስረክቡ፤ ለሚተካዎትም ሰው በየትኛው ክፍል ማን ቶሎ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው በቃልዎ ይንገሩት።