ሁላ ረግረግ ላይ በክረምት ንስርና ጭልፊት እንዴት ፎቶ ይነሳል

እስራኤል ያላችሁ ፎቶ ወዳጆች፣ የእስራኤል ክረምት (የብርዱ ወቅት) ሲገባ ወደ ሰሜን ውጡና ሁላ ሸለቆን እዩት። ሐይቁ በ1950ዎቹ ደርቆ እርሻ ተደርጎ ነበር፣ በ1994 ግን ከፊሉ መልሶ ውሃ ተለቀቀበትና አሁን አጋሞን የሚባለው ቦታ ሆነ፣ የአውሮፓንና የሩሲያን ብርድ የሸሹ ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ረጅም እግር ወፎች እዛ ነው የሚከርሙት። ሁላ ላይ የምታዩት ደንገል ደግሞ ያው የጣናው ደንገል ነው፣ ታንኳ የሚሰራበት።

መጀመሪያ ዕቃ። 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ ካላችሁ በቂ ነው፣ 600 ከሆነማ በጣም አሪፍ። ብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ ትርፉን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። አጋሞን በግል መኪና አይገባም፣ በእግር ወይ በሳይክል ወይ እዛው በሚከራይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ስለዚህ ዕቃ አታብዙ።

ካሜራውን ከቤት ሳትወጡ አስተካክሉት። ለሚበር ወፍ ሻተር (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) 1/2000 ሰከንድ፣ ለተቀመጠ 1/500፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6 ወይ 6.3፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ፣ ፎከሱ ተከታታይ (ወፉ ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚከተል)። ሰማይ ከጀርባው ካለ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በ1 ከፍ አድርጉት አለበለዚያ ንስሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል፣ ዝቅ ብሎ ሸምበቆ ፊት ሲያልፍ ግን መልሱት። አይኤስኦ ከፍ ሲል አትደንግጡ፣ ሻካራ ፎቶ በኋላ ይስተካከላል፣ የደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት እንደምትቆሙ። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ንፋሱ አድርጎ ነው፣ ስለዚህ ንፋሱም ፀሐይዋም ከጀርባችሁ የሚሆኑበትን ቦታ ፈልጉ፣ ያኔ ብርሃን አይኑ ላይ እያረፈ ወደናንተ ይመጣል። ብዙ ሰው ወፉን ሲያይ ይሮጣል፣ የሚያገኘውም ጅራት ብቻ ነው። የረግረግ ጭልፊት ክንፉን በቪ ቅርጽ ከፍ አድርጎ ሸምበቆው ላይ ዝቅ ብሎ እየተመላለሰ ነው የሚያድነው፣ ያለፈበት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚመለስ አትከተሉት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት። ንስሮቹ ግን መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር፣ በኛ ሰዓት እስከ 3 ወይ 4 ሰዓት ድረስ፣ ዛፍ ላይ ይቆያሉ። ንስሩ ወደፊት ዘንበል ካለ ወይ ኩሱን ከጣለ ሊነሳ ነውና ጣታችሁ የማንሻው ቁልፍ ላይ ይሁን። ዳክዬዎቹ በአንዴ ግር ብለው ከተነሱ ደግሞ ቶሎ ቀና በሉ፣ ከላይ የሆነ አዳኝ አለ።

ወፉ አንገቱን አስረዝሞ እናንተ ላይ ካፈጠጠ እዛው ቁሙ፣ አንድ እርምጃም አትጨምሩ። በብርድ ወራት በከንቱ ባስነሳችሁት ቁጥር ለአደን የሚያስፈልገውን ጉልበት ነው የምታስጨርሱት፣ ለአንድ ፎቶ ብሎ ይሄን ማድረግ ትክክል አይደለም። ስጋ ጥሎ ማባበልም እንደዛው።

ፀሐይ ስትበረታ ውሃው ላይ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ የሩቁን ተዉት፣ በምንም ሌንስ ጥርት አይልም።

ስትመለሱ ካርዱን ውጭ እያላችሁ አውጡና ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዝጉት፣ ሞቅ ያለ ቤት ገብታችሁ ወዲያው ካወጣችሁት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ካሜራው እስኪሞቅ ድረስ ፎቶ ምረጡ፣ አጉልታችሁ አይኑን እዩ፣ አይኑ ጥርት ያላለውን ሰርዙት።