የመጀመሪያውን የአማተር ሬዲዮ አንቴና ቤት ሲዘረጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እስከ አዲስ አበባ ያለው አጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ጊዜ ግንኙነት በሚጠቀሙበት ባለ100 ዋት አማተር ሬዲዮና እያንዳንዳቸው 5 ሜትር በሆኑ ሁለት ሽቦዎች መሻገር ይቻላል። ሬዲዮውን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ አንቴናውን በተረፈው ሳንቲም ልጨርስ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የገዛ ቤቱን ቻርጀር ጩኸት ነው። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ለምሳሌነት የመረጥሁት በ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ገደማ በሆነበት በ14 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራውን ተራ ዳይፖል፣ መሃሉ ላይ ከኬብል ጋር የሚገናኘውን ባለ ሁለት እኩል ክንፍ የሽቦ አንቴና ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

የመጀመሪያው ስህተት ወደ ላይ ሳያዩ መሰላል ማቆም ነው። ሌሎቹ ስህተቶች በገንዘብ ወይም በጊዜ ይታረማሉ፣ ይህኛው ግን ሰው ይገድላል። ምሰሶው ቢወድቅ፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ ወይም ዛፍ ላይ የወረወሩት ገመድ አቅጣጫ ቢስት፣ ማንኛውም ክፍሉ ከኤሌክትሪክ መስመር በ3 ሜትር ክልል ውስጥ መግባት የለበትም፤ ስለዚህ የሚለካው አንቴናው አሁን ያለበት ርቀት ሳይሆን ወድቆ ሊደርስበት የሚችለው ቦታ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመርም ፕላስቲክ ስለለበሰ ብቻ ደኅና ነው ብለው አይመኑ፤ አንቴናዎን በላዩም በሥሩም አያሳልፉ።

ሁለተኛው ስህተት የወረቀት ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ጣሪያችን ላይ ዲሽ ስንሰቅል የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ሊከለክለን እንዳልቻለ እናስታውሳለን፤ በመሆኑም የሬዲዮ አንቴናም በዚያው ሕግ የሚጠበቅ ይመስለናል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ያወጣው ያ ደንብ ግን አነስተኛ ዲሾችንና የቴሌቪዥን አንቴናዎችን እንጂ የአማተር አንቴናን አይሸፍንም። በ1985 የወጣው ሌላው የኮሚሽኑ ውሳኔ አማተሮችን የሚጠቅም ቢሆንም፣ የሚያስገድደው የከተማና የካውንቲ አስተዳደሮችን እንጂ ቤቱን ሲገዙ የፈረሙትን የግል ውል አይደለም። ስለዚህ ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። ጣሪያ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ የተዘረጋ ዳይፖል፣ ወይም በዛፎች መካከል ዓይን የማይገባ ቀጭን ሽቦ፣ ስንቱን ጭቅጭቅ አስቀርቷል።

ሦስተኛው ስህተት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ አቅጣጫ መወሰን ነው። በዚያ ካርታ ላይ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በስተምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትታያለች። ምድር ክብ ስለሆነች ግን ሞገዱ የሚጓዝበት አጭሩ መንገድ ከዚህ ሲነሣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በ66 ዲግሪ ገደማ ነው። ዳይፖል አብዛኛውን ኃይሉን የሚልከው በጎኑ እንጂ በጫፎቹ አቅጣጫ ስላልሆነ፣ ሽቦው መዘርጋት ያለበት ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ነው። እኔ የመጀመሪያውን አንቴናዬን ጫፉን ወደ አገር ቤት አነጣጥሬ ሰቅዬው ነበር፤ እንደ ጠመንጃ መስሎኝ።

ይሁን እንጂ አቅጣጫ ትርጉም የሚኖረው ከፍታ ሲኖር ነው። በ4 ሜትር ከፍታ የተሰቀለ የ20 ሜትር ዳይፖል ከኃይሉ አብዛኛውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይልካል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዘረጋ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ወደሆነው ወደ 10 ሜትር ከፍ ሲል ግን ዋናው ጨረር ከአድማስ በላይ ወደ 30 ዲግሪ ይወርድና ሩቅ አገር መድረስ ይጀምራል። ለሁለቱም ጫፍ ረጅም ዛፍ ከሌለዎት መሃሉን ከፍ አድርገው ጫፎቹን ወደ ታች ማውረድ ይችላሉ፤ ጫፎቹ ግን ሰው እጁን ቢዘረጋ ከማይደርስበት በታች አይውረዱ፤ በሚያስተላልፉበት ጊዜ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው እዚያው ስለሆነ የሚነካውን ያቃጥላል።

ሽቦውን በቀመሩ ልክ መቁረጥም የተለመደ ስህተት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 143ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል። ለ14.25 ሜጋኸርዝ 10.04 ሜትር ይመጣል፣ በየጎኑ 5.02 ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከባዶው ትንሽ ማጠር አለበት፤ የመሬቱ፣ የጣሪያውና የአሸንዳው ቅርበትም ልኩን ይለውጠዋል። በየጎኑ 5.20 አድርገው ይቁረጡ፣ የተረፈውን ወደ ኋላ አጥፈው በራሱ ላይ ይጠምጥሙ፣ ከዚያ እየለኩ ያሳጥሩ። የረዘመ ሽቦ ይታጠፋል፤ ያጠረ ሽቦ ግን ቅጥያ ይፈልጋል።

አሁን ብዙ ጀማሪ ወደሚሰናከልበት ነገር ደረስን። ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው ኤስ ደብሊው አር የሚባለው ቁጥር 1 ለ1 ከሆነ አንቴናው ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ ከስህተቶች ሁሉ የሚያታልለው ነው። መሣሪያዎን ለመፈተሽ የሚያገለግለው ደሚ ሎድ የተባለው ባለ 50 ኦም ሬዚስተር 1 ለ1 ያሳያል፤ ወደ አየር ግን ምንም አይልክም። በአንጻሩ 2 ለ1 የሚያሳይ ዳይፖል ከ100 ዋት የሚመልሰው 11 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ጎረቤት አህጉር ላይ ያለ አድማጭ ይህን ልዩነት ከቶ አያውቀውም። ልጆች ሳለን የቴሌቪዥን አንቴና በባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሲዞር፣ ከውስጥ ያለው ሰው ምስሉን እያየ «እዛው! እዛው ተወው!» እያለ ይጮህ ነበር። መለኪያችን ምስሉ ነበር፤ ዛሬም ትክክለኛው መለኪያ ሩቅ ያለው ሰው የሚሰማው ነው። ኤፍ ቲ 8 በሚባለው የዲጂታል ዘዴ ጥቂት ጊዜ ጥሪ አስተላልፈው ፒኤስኬ ሪፖርተር የተባለውን ድረ ገጽ ቢከፍቱ፣ ምልክትዎ የት የት እንደተሰማ ካርታ ላይ ያገኙታል።

የኤስ ደብሊው አር ቁጥሩ እንዴት እንደሚዋሽ የተማርሁት ሬዲዮውን ከአንቴናው ከሚያገናኘው ኬብል ነው። ቀጭኑ አርጂ 58 ኬብል ርዝመቱ 30 ሜትር ሲሆን በ14 ሜጋኸርዝ ከኃይልዎ ሲሶውን ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በ144 ሜጋኸርዝ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይበላል። ወፍራሙ አርጂ 213 በዚያው ርዝመት በ14 ሜጋኸርዝ የሚያባክነው 15 በመቶ ገደማ ነው። ኬብሉ ሲሄድ የበላውን ያህል ከአንቴናው ሲመለስም ስለሚበላ፣ መለኪያው ላይ የሚደርሰው ተመላሽ ኃይል ጥቂት ይሆንና ቁጥሩ ያምራል። እኔ ዘንድ በሁለተኛው ክረምት 1.8 የነበረው ወደ 1.2 ወረደ፤ ሽቦው ቦታውን ለመደ ብዬ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ማገናኛውን ስፈታ አንዲት የውሃ ጠብታ ጣቴ ላይ ወደቀች። ኬብሉን በቢላ ስልጠው መዳብ መሆን የነበረበት ጉንጉን ሽቦ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ አንድ ሜትር ቆረጥሁ፣ ጥቁር ነው፤ ሁለተኛ ሜትር ቆረጥሁ፣ አሁንም ጥቁር ነው። መጋጠሚያውን የጠቀለልሁት በተራ ናስትሮ ብቻ ነበር። ናስትሮ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይለቃል፤ ሥሩ መሆን ያለበት ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ሲሆን ናስትሮው ከላይ እሱን ይሸፍናል። ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ውሃው እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ቆልመም ተደርጎ ይተው።

ቾክ የሚባለውን ማገጃ መተውም አለ። ዳይፖል ሁለት እኩል ክንፎች አሉት፣ ኮአክሲያል የሚባለው ይኸው ኬብል ግን መሃሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው ጉንጉን ስለሆነ እኩል አይደለም፤ ስለዚህ የኬብሉ የውጭ ቆዳ ሳይጠሩት ሦስተኛ ክንፍ ይሆንና ኃይሉን ይዞ ቤት ይገባል። ማይክሮፎኑ ከንፈር ሲቆነጥጥ ወይም የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ የእርስዎን ንግግር ሲያንጎራጉር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኬብሉን አንቴናው መሃል ላይ ሲደርስ ቁጥር 31 ከሚባለው ማግኔታዊ የፌራይት ሸክላ በተሠራ ትልቅ ቀለበት ውስጥ 12 ጊዜ መጠምጠም በቂ ነው።

አንቴናውን የያዘውን ገመድ በሁለት ዛፎች መካከል እንደ ክራር አያጥብቁት፤ ነፋስ ሲነሣ ዛፎቹ በየፊናቸው ይወዛወዛሉ። አንዱን ጫፍ በፑሊ አሳልፈው ክብደት ያንጠልጥሉበት።

ስለ መብረቅ ከሚሠሩት ስህተቶች የከፋው ለሬዲዮው ብቻ የተለየ የመሬት ዘንግ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ የብረት ዘንግ ቀብሮ ከቤቱ ዘንግ ሳያገናኙ መተው ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲመታ የሁለቱ ዘንጎች ቮልቴጅ እኩል ስለማይሆን ልዩነቱ ድልድይ ይፈልጋል፤ ድልድዩም ሬዲዮዎ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ሁለቱ በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ከ6 ቁጥር ባልቀጠነ የመዳብ ሽቦ እንዲገናኙ ያዝዛል። ኬብሉ ቤት በሚገባበት ቦታም የመብረቅ መከላከያ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ነጎድጓድ ሳይሰማ በፊት ኬብሉን መንቀል ያስፈልጋል፤ ነጎድጓዱ ከተሰማ በኋላ ለመንቀል የሚነሣ ሰው ዘግይቷል።

ፈቃድ ያለው ሰው አንቴናው በሚያመነጨው ሞገድ አጠገቡ ያሉ ሰዎች ከተፈቀደው በላይ አለመጋለጣቸውን ማስላትም ግዴታው ነው፤ የኮሚሽኑ ደንብ በ2021 ከተሻሻለ ወዲህ ቀድሞ ለአማተሮች የነበረው የተለየ ነፃነት ቀርቷል። ስሌቱ አንድ ምሽት አይፈጅም።

የመጨረሻው ስህተት አንቴናውን ለኬብል ቁጠባ ሲባል ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ፣ ከዚያ የሚመጣውን ጩኸት በሬዲዮው ማመካኘት ነው። ሬዲዮውን በባትሪ አስነሥተው የቤቱን ዋና ማብሪያ ያጥፉት። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ቤትዎ ውስጥ ነውና መብራቱን በየክፍሉ አንድ በአንድ እያበሩ ይፈልጉት። እኔ ቤት ኩሽና ውስጥ ካቢኔ ሥር የተለጠፈው የኤል ኢ ዲ መብራት ትራንስፎርመር ነበር፤ ባለቤቴ ትወደዋለች፣ ስለዚህ አንቴናው ወደ ጓሮው ጫፍ ሄደ።