ምንጩ የታወቀ ቡና መግዛት፣ ማስቀመጥና ማፍላት

ቡና ሲገዙ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው «የየት ነው?» ብለው ነው፤ «የይርጋጨፌ ነው» የሚለው መልስ ግን ብቻውን አይበቃም። በይርጋጨፌ ብዙ ቀበሌዎችና የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ስላሉ፣ ከአንዱ የወጣው ቡና በጣዕምም በአያያዝም ከሌላው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ቀበሌውን ወይም ጣቢያውን፣ አምራቹን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩን፣ የተለቀመበትን ዓመት፣ እንዲሁም የታጠበ ይሁን ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ይጠይቁ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ አብዛኛው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለነበር፣ የአንድ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ መነሻው ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገው የሕግ ማሻሻያ ግን ቡና እስከ ምንጩ ተለይቶ እንዲሸጥ መንገድ ስለከፈተ፣ ዛሬ «አይታወቅም» የሚል ሻጭ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግበት በቂ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ጥያቄው የጣዕም ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ቡና ያስፈልጋል፤ ቀዩን ብቻ እየመረጡ መልቀም ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ተገቢ ዋጋ ያላገኘ ገበሬ ያልበሰለውንም የበሰለውንም አንድ ላይ ቢያራግፍ አይፈረድበትም። በውጭ አገር የሚኖር ገዢ የፌርትሬድ ምልክት (ለአምራቾች ዝቅተኛ ዋጋ የሚያስከብር ዓለም አቀፍ የንግድ ማረጋገጫ) ካየ፣ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ (የኢትዮጵያ ቡና ለሚመደብበት ዝርያ) የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት (0.45 ኪሎ ገደማ) 1.80 ዶላር እንደሆነና ከዚያ በላይ ለማኅበሩ 0.20 ዶላር እንደሚጨመር ይወቅ። ሆኖም ይህ ክፍያ ለማኅበሩ የሚደርስ እንጂ ለእያንዳንዱ ገበሬ በእጁ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእሸቱ የተከፈለውን ዋጋ የሚናገር ሻጭ ከምልክቱም የበለጠ እምነት ይገባዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው በሚጠበቅ አካባቢነት) ከተመዘገቡት ከካፋና ከያዩ ደኖች የሚወጣውን የደን ቡና መግዛትም፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ገቢ እንዲያስገኝ ያግዛል።

ጥሬውን በእጅዎ ዘግነው ይዩት። «ስፔሻሊቲ» በሚባለው ከፍተኛ የጥራት ደረጃ፣ በተለመደው መለኪያ፣ 350 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ወይም የሻገተ ፍሬ አንድም መገኘት የለበትም፤ በቅምሻም ከ100 ቢያንስ 80 ነጥብ ማግኘት አለበት። የታጠበ ቡና መልኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሽታው ንጹሕ ነው፤ የነጣና የጆንያ ሽታ ያለው ቆይቷል ማለት ነው።

ጥሬ ቡና ሽታ ቶሎ ስለሚስብ ከበርበሬ፣ ከቅመምና ከጋዝ አርቀው፣ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት፤ በዚህ አያያዝ እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። የተቆላው ግን አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ በጥቂት ሳምንታት፣ የተፈጨው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባቱን አልመክርም፤ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይይዛል።

አቆላሉ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ብዙዎቻችን ቡናውን ጠቁሮ ዘይት እስኪያወጣ እንቆላለን፤ ይህ የወረደ ቡናን እንከን ይሸፍን ይሆናል፣ የይርጋጨፌን የአበባና የሎሚ መዓዛ ግን አጥፍቶ ምሬት ብቻ ያስቀራል። አጥበው ካጠነፈፉ በኋላ በብረት ምጣድ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቁሉት። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ድምፁ ሲበርድ፣ መልኩም ቡናማ ሳለ አውርደው፣ ወዲያው በሰፌድ ላይ በትነው ያቀዝቅዙት፤ ምጣዱ ላይ ከተዉት መቆላቱን አያቆምም።

በጀበና ለማፍላት ለግማሽ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ቡና ይበቃል። ክሎሪን የማይሸት ውሃ ያፍሉ፣ ቡናውን ይጨምሩ፣ ወደ አንገቱ ከፍ ሲል አውርደው አተላው እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ደጋግሞ ማንተክተክ ያመርረዋል። በወረቀት ማጣሪያ ከሆነ 15 ግራም ቡና መካከለኛ አድርገው ፈጭተው፣ ከ92 እስከ 96 ዲግሪ በሞቀ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍሉ፤ በመጀመሪያ 40 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሰው 30 ሰከንድ ከጠበቁ በኋላ ቀሪውን ቀስ እያሉ ቢጨምሩ፣ በሦስት ደቂቃ ገደማ ተጣርቶ ያልቃል። ቢጎመዝዝ በሚቀጥለው ጊዜ አልመው ይፍጩት፤ ቢመርር ደግሞ ሻካራ ያድርጉት።